ከጣሪያው እስከ ባትሪው፦ ለሞተር ሆም የሶላር ቻርጅ ኮንትሮለር አመራረጥ

ሞተር ሆም (መኖሪያ ቤት የሆነ መኪና) ገዝቶ ጣሪያው ላይ ሶላር ለማስገጠም የተነሣ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣበት ቅደም ተከተል ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ከሁሉ በፊት ፓኔሉን ይገዛል፤ ፓኔል ዓይን ይሞላል፣ ዋጋውም እንደ ድሮው አያስደነግጥም። ቀጥሎ ባትሪውን ይገዛል፤ ኪሱ የሚሳሳው እዚህ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል የሚገባውን ቻርጅ ኮንትሮለር ግን ትንሽነቱን አይቶ ይንቀውና በተረፈው ገንዘብ ከርካሾቹ መካከል አንዱን አንሥቶ ይወጣል። ኮንትሮለር በመጨረሻ መመረጡ ትክክል ነው፤ የፓኔሉና የባትሪው ቁጥሮች ሳይታወቁ ሊመረጥ አይችልምና። ይሁን እንጂ ያ ውድ ባትሪ ለዓመታት ማገልገሉን ወይም ያለ ጊዜው መሞቱን በአብዛኛው የሚወስነው ይኸው የተናቀው ዕቃ ነው።

ምሳሌዎቹን ከአሜሪካ እወስዳለሁ። በሐምሌ የአሪዞናን በረሃ አቋርጦ በታኅሣሥ ዴንቨር ላይ በረዶ ውስጥ የሚቆም ሞተር ሆም ኮንትሮለሩን ከሁለቱም ጫፍ ይፈትነዋል። በቤት ጣሪያ ላይ የተተከለ ሶላር እንዲህ ያለ ፈተና አይገጥመውም፤ ያለበት ቦታ አይለወጥም፣ አቅጣጫውም የታወቀ ነው።

የ"12 ቮልት" ፓኔል 12 ቮልት አይደለም

"የ12 ቮልት" ተብሎ የሚሸጥ ባለ 100 ዋት ፓኔል ጀርባውን ገልብጠው ቢያዩት 12 የሚል የሥራ ቮልቴጅ አያገኙበትም። ሙሉ ኃይሉን ሲሰጥ ወደ 18 ቮልት ይሠራል። ምንም ሳይቀጠልበት ፀሐይ ላይ ብቻውን ሲቀመጥ ደግሞ ወደ 22 ቮልት ያሳያል። ፓኔሉ የተሠራው ከ36 ሴሎች ሲሆን እያንዳንዱ ሴል በሥራ ላይ ግማሽ ቮልት ያህል ያመነጫል። ትርፉ ሆን ተብሎ የተሰጠ ነው፤ ሙቀት ሲበረታና ሽቦው ላይ ጥቂት ሲባክን የሚቀረው ባትሪውን ለመሙላት እንዲበቃ።

ባለ 12 ቮልት የሊድ አሲድ ባትሪ በበኩሉ ሞልቶ ሲያርፍ 12.7 ቮልት አካባቢ ነው፤ ሲሞላም ከ14.4 ወይም ከ14.7 በላይ እንዲወጣ አይፈለግም። ከዚያ ካለፈ ውስጡ ያለው ውኃ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን እየተለወጠ ይተናል። ፓኔሉ በቀጥታ ከባትሪው ጋር ቢገናኝ "በቃኝ" የሚለው የለም፤ ፀሐይ እስካለች ድረስ ይገፋል። ሌሊት ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጥና ከባትሪው ወደ ፓኔሉ ጥቂት ጥቂት ይፈስሳል። ኮንትሮለሩ በሩን ቀን የሚመጥን፣ ሌሊት የሚዘጋ ነው።

ባትሪው ምን ይፈልጋል?

የአሲድ ባትሪ በሦስት ደረጃ ይሞላል። በመጀመሪያው ደረጃ ኮንትሮለሩ ከፓኔሉ ያገኘውን ሁሉ ሳይሰስት ይሰጠዋል፤ የባትሪው ቮልቴጅም ቀስ በቀስ እየወጣ እስከተወሰነለት ጣሪያ ይደርሳል። በሁለተኛው ደረጃ ቮልቴጁ በዚያው ከፍታ ላይ ይያዝና ባትሪው የሚስበው አምፒር በራሱ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህ ሰዓታት የሚፈጅ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው "ሞልቷል" ብሎ የሚዘናጋውም ቮልቴጁ 14.4 ሲደርስ አይቶ ነው። በሦስተኛው ደረጃ ቮልቴጁ ወደ 13.5 አካባቢ ዝቅ ይልና የሞላው ባትሪ እንደ ሞላ ይቆያል። ሁለተኛው ደረጃ ሳይጠናቀቅ በየቀኑ የሚቋረጥበት ባትሪ በእርሳስ ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት እየጋገረ አቅሙን ያጣል።

ቁጥሮቹ በባትሪው ዓይነት ይለያያሉ። ጄል ባትሪ ከ14.1 ወይም ከ14.2 በላይ አይወድም። ክዳኑ የሚከፈተውና ውኃ የሚጨመርበት ባትሪ አልፎ አልፎ ከ15 ቮልት በላይ ተሰጥቶት ሴሎቹ እንዲስተካከሉ ይደረጋል። ያንኑ ለጄል ወይም ለኤጂኤም (አሲዱ በመስታወት ጭረት ምንጣፍ ውስጥ ተመጥጦ ለታሸገው) ባትሪ ማድረግ ባትሪውን መግደል ነው። አንዳንድ ኮንትሮለሮች ደግሞ ይህን ማስተካከያ በየወሩ ገደማ ባለቤቱን ሳይጠይቁ ያስነሡታል። የአየሩ ሙቀትም አለ፤ የአሲድ ባትሪ ሲበርደው ከፍ ያለ፣ ሲሞቀው ዝቅ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል። በ25 እና በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ያለው ልዩነት ለ12 ቮልት ባትሪ ወደ ግማሽ ቮልት ይደርሳል። የሙቀት መለኪያ የሌለው ኮንትሮለር ስለዚህ በብርድ ባትሪውን ያስርባል፣ በሙቀት ያቃጥለዋል። ብዙዎቹ ርካሾች መለኪያቸው በራሳቸው ገላ ውስጥ ነው፤ ኮንትሮለሩ ሙቅ ሳሎን ውስጥ ተሰቅሎ ባትሪው ውጪ ካለው ሣጥን ውስጥ ከሆነ መለኪያው የሚያወራው ስለ ሳሎኑ ነው።

ዛሬ አብዛኛው ሰው ለሞተር ሆም የሚመርጠው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ጠባዩ ሌላ ነው። ከ14.2 እስከ 14.4 ቮልት ይበቃዋል፤ እዚያ ከፍታ ላይ ረጅም ሰዓት መቆየት አያስፈልገውም፤ የአሲድ ባትሪው የሚጎዳበት ጎዶሎ መሆን እርሱን አይጎዳውም። በሙቀት ልክ ቮልቴጅ የመቀያየሩ ነገር ለእርሱ ጥቅም የለውም፣ የማስተካከያው ከፍተኛ ቮልቴጅም ፈጽሞ አይገባውም። አንድ ነገር ግን በጽኑ ይፈራል፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች መሞላትን። በዚያ ብርድ ሲሞላ ሊቲየሙ ወደ ሴሉ ውስጥ ከመግባት ይልቅ ላዩ ላይ እንደ ብረት ይለጠፋል፤ ጉዳቱም አይመለስም። ጥሩ ባትሪ ይህን የሚከለክል መቆጣጠሪያ በውስጡ አለው። ይሁን እንጂ ዴንቨርን የመሰለ ቦታ የሚያድር ሰው ኮንትሮለሩም የባትሪውን ሙቀት ለክቶ መሙላቱን እንዲያቆም ቢያደርግ ሁለተኛ መከላከያ አገኘ ማለት ነው።

ከዚህ የምደርስበት የመጀመሪያ መመዘኛ አጭር ነው። የመሙያ ቮልቴጁን በራስዎ መለወጥ የማይችሉበትን ኮንትሮለር አይግዙ። "ሊቲየም" የሚል ምልክት ካርቶኑ ላይ መታተሙ አይበቃም፤ ያ ምልክት 14.2 ማለት ይሁን 14.8 ማለት መመሪያው ውስጥ ተጽፎ መገኘት አለበት።

ሁለቱ ዓይነቶች፣ በብርድና በሙቀት

ገበያው ላይ ፒደብሊውኤም እና ኤምፒፒቲ የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉ። ፒደብሊውኤም በመሠረቱ ፈጣን ማብሪያና ማጥፊያ ነው። ሲበራ ፓኔሉና ባትሪው በቀጥታ ይገናኙና ባትሪው የፓኔሉን ቮልቴጅ ወደ ራሱ ደረጃ ጎትቶ ያወርደዋል። በ18 ቮልት 5.5 አምፒር ሊሰጥ ይችል የነበረው ፓኔል 13 ቮልት ላይ ያለ ባትሪ ሲጎትተው አምፒሩ ያው 5.5 ነው፤ 13 ሲባዛ በ5.5 ደግሞ 72 ዋት ያህል ብቻ ነው። የቀረው 28 ዋት የትም አልፈሰሰም፤ ፓኔሉ ሳያመነጨው ቀረ እንጂ።

ኤምፒፒቲ ፓኔሉን በሚመቸው 18 ቮልት ላይ ያቆየዋል፤ ከዚያ ቮልቴጁን ዝቅ፣ አምፒሩን ከፍ አድርጎ ለባትሪው ያቀርባል። ከባድ መኪና የነዳ ሰው ነገሩን ከማርሽ ጋር ቢያስተያየው አይሳሳትም፤ ሞተሩ በሚስማማው ዙር ላይ ይቆያል፣ ጎማው በሚያስፈልገው ፍጥነት ይዞራል። ለልወጣው ጥቂት በመቶ ኪሣራ ተቀንሶ ያው 100 ዋት ፓኔል ለ13 ቮልት ባትሪ 7.4 አምፒር ገደማ ይሰጣል። ከ5.5 ወደ 7.4 ማለት ሲሶ ያህል ጭማሪ ነው። በማስታወቂያዎቹ ላይ የሚደጋገመው "30 በመቶ ተጨማሪ ኃይል" የሚለው አባባል የሚመጣው ከዚህ ስሌት ነው።

ማስታወቂያው የማይናገረው ይህ ጭማሪ በየቀኑ እኩል አለመሆኑን ነው። የፓኔል ቮልቴጅ በሙቀት ይወርዳል፣ በብርድ ይወጣል። ሐምሌ ላይ አሪዞና ውስጥ ጣሪያው ላይ ያለው ፓኔል 65 ዲግሪ ሲደርስ ያ 18 ቮልት ወደ 15 ይወርዳል። ባትሪው ሊሞላ ተቃርቦ 14.2 ላይ ከሆነ በሁለቱ መካከል የሚለወጥ ነገር ያን ያህል አልቀረም፤ ኤምፒፒቲው ራሱ የሚበላውን ሲቀንሱ ከፒደብሊውኤም ጋር ሊተካከል ምንም አይቀረው። በተቃራኒው ብርድ ባለበት ጥርት ያለ ማለዳ ላይ ፓኔሉ ከ19 ቮልት በላይ፣ ሌሊቱን የተሟጠጠው ባትሪ ደግሞ 12.5 ላይ ሲገኙ ጭማሪው ከ30 በመቶም ያልፋል። ኤምፒፒቲ እንግዲህ የሚረዳው ቀኑ ሲያጥርና ባትሪው ሲራብ፣ ማለትም ኃይል በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። ብልጫው ከአማካዩ ቁጥር ይልቅ እዚህ ላይ ይታየኛል።

ፒደብሊውኤም የሚበቃበት ቦታ አለ። ሞተር ሆሙ ዓመቱን ሙሉ ቆሞ፣ አንድ 100 ዋት ፓኔል የአሲድ ባትሪው እንዳይሞት ብቻ የሚጠብቅለት ከሆነ ለኤምፒፒቲ የሚከፈለው ገንዘብ ትርፍ የለውም። ለመኖሪያ ቤት የሚሠሩትን ትልልቅ ፓኔሎች ጣሪያው ላይ ላወጣ ሰው ግን ምርጫ የለም። ባለ 60 ሴል ፓኔል በ31 ቮልት ገደማ ነው የሚሠራው፤ በፒደብሊውኤም አማካይነት ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ቢያያዝ ከኃይሉ ከግማሽ በላይ ይቀራል።

100/30 ሲል ምን ማለቱ ነው?

ኤምፒፒቲ ኮንትሮለር ሲገዙ ሁለት ቁጥሮችን ያያሉ። የኔዘርላንዱ ቪክትሮን ኩባንያ ቁጥሮቹን በስሙ ላይ ስለሚጽፋቸው ለማብራራት ይመቻል፤ 75/15፣ 100/20፣ 100/30፣ 100/50 እያለ ይቀጥላል። የመጀመሪያው ቁጥር ከፓኔሉ በኩል የሚችለው ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው። ሁለተኛው ለባትሪው የሚሰጠው ከፍተኛ አምፒር ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ስለተጻፉ እኩል ክብደት ያላቸው ይመስላሉ፤ ነገር ግን አንዱን የጣሰና ሌላውን የጣሰ ሰው የሚደርስባቸው ፈጽሞ አይገናኝም።

ቮልቴጁ የገደል አፋፍ ነው። በውስጡ ያሉት ትራንዚስተሮችና ካፓሲተሮች ከተወሰነላቸው በላይ ሲመጣባቸው ይፈነዳሉ፤ ለአንድ ሰከንድ መሆኑ አያድናቸውም። በሒሳብ እንየው። አራት ባለ 100 ዋት ፓኔሎች በተከታታይ ቢቀጣጠሉ 22 ሲባዛ በ4፣ 88 ቮልት ይሆናል። ኮንትሮለሩ 100 ይችላል፤ የ12 ቮልት ትርፍ ያለ ይመስላል። ነገር ግን በፓኔሉ ጀርባ ያለው 22 ቮልት የተለካው ሴሉ 25 ዲግሪ ላይ ሳለ ነው። ከዚያ በታች ለሚወርደው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ቮልቴጁ በ0.3 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲሆን ልዩነቱ 45 ዲግሪ ነው፤ ጭማሪው 13.5 በመቶ፣ 88ቱም 99.9 ሆነ። በፈረንጆች ታኅሣሥ 2022 ዴንቨር ከዜሮ በታች 31 ዲግሪ ድረስ ወርዳ ነበር፤ በዚያ ብርድ ያው ቅጥል ከ102 ቮልት በላይ ይሆናል።

ይህ የሚሆነው ደግሞ ማንም በማይጠብቀው ሰዓት፣ ፀሐይ ገና ብቅ ስትል ነው። ሴሉ የሌሊቱን ብርድ እንደያዘ ነው፤ ቮልቴጅ ለመነሣት ብርቱ ብርሃን አይፈልግም፣ ደካማው የማለዳ ብርሃን ይበቃዋል። ኮንትሮለሩ መሙላት ካልጀመረ ወይም ባትሪው በብርድ ምክንያት "አልቀበልም" ካለ ፓኔሉ የሚስበው ስለሌለ ቮልቴጁ ከጫፍ ይደርሳል። የተቃጠለውን ኮንትሮለር ወደ ሻጩ ይዞ ሄዶ መከራከርም ብዙ አያዋጣም፤ ዘመናዊዎቹ ኮንትሮለሮች በየቀኑ የደረሰባቸውን ከፍተኛ ቮልቴጅ መዝግበው ይይዛሉ። አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ሶላር ለሚልክ ሰው ይህ ጭንቀት ቀላል ነው፤ ብርዱ ዜሮ አካባቢ ቢደርስ እንኳ ጭማሪው ከ7 ወይም ከ8 በመቶ አይዘልልም። ለዴንቨር ወይም ለሚኒሶታ ግን 20 በመቶ ትርፍ ይተዉ።

አምፒሩስ? እዚህ ላይ ኤምፒፒቲ ገር ነው። 100/30 የሆነው ኮንትሮለር በ12 ቮልት ባትሪ ላይ በአምራቹ ስሌት ለ440 ዋት ፓኔል ይመጥናል። 600 ዋት ቢያገናኙበት አይቃጠልም፤ በእኩለ ቀን 30 አምፒር ላይ ይቆምና ትርፉን ሳይወስድ ይተወዋል። መመሪያው ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ የአጭር ዑደት አምፒር (የፓኔሉ ሁለት ጫፎች በቀጥታ ሲገናኙ የሚፈስሰውን) አለማለፍዎን ብቻ ያረጋግጡ። እንዲያውም ፓኔሉን ማብዛት ብልህነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ፓኔሎቹ ጣሪያ ላይ ዝርግ ናቸው። ዴንቨር በ40 ዲግሪ ሰሜን ስለምትገኝ በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ በእኩለ ቀን ከአድማስ 27 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች፤ ዝርግ ፓኔል ከቀጥታው ብርሃን ግማሹን እንኳ አያገኝም። በዚያው ዕለት አዲስ አበባ ላይ 58 ዲግሪ ገደማ ትወጣለች። አናት በምትመታ ፀሐይ ያደገ ሰው የሰሜኑን ብርሃን አብዝቶ የሚገምተው ወዶ አይደለም። 600 ዋት የተጻፈበት ጣሪያ በዚያ ወቅት 300 ዋት ቢሰጥ መልካም ነው፤ ባለ 30 አምፒሩ ኮንትሮለርም በደንብ ይበቃዋል።

ይህ ገርነት ለፒደብሊውኤም አይሠራም። እርሱ አምፒርን መግታት አይችልም፤ ከፓኔሉ የመጣው በቀጥታ ያልፍበታል። ስለዚህ 30 አምፒር የተጻፈበት ፒደብሊውኤም ላይ የፓኔሎቹ የአጭር ዑደት አምፒር ድምር፣ ሩብ ተጨምሮበት፣ ከ30 መብለጥ የለበትም። ከባለ 100 ዋቶቹ አራት ማለት ነው፤ አምስተኛው ወሰኑን ይጥሳል።

ቡናው፣ ምጣዱና የቀኑ ፍጆታ

የኮንትሮለሩ መጠን የሚመጣው ከፓኔሉ ነው፤ የፓኔሉ ብዛት ደግሞ ከሚበላው። አሪዞና ውስጥ ኳርትዝሳይት በምትባለው የበረሃ ከተማ ዙሪያ በብርዱ ወራት ከሰሜን የሸሹ ሞተር ሆሞች ለሳምንታት ይሰፍራሉ፤ መሬቱ የፌዴራል መንግሥት ነው፣ በየቦታው የኤሌክትሪክ መሰኪያ የለም። እዚያ የሚኖረው በጣሪያው ልክ ነው። መብራት፣ ስልክና የውኃ ፓምፕ ተደምረው እዚህ ግቡ አይባሉም። ባለ 12 ቮልት ማቀዝቀዣ በቀን ከ40 እስከ 60 አምፒር ሰዓት ሊበላ ይችላል።

ትልቁ ጠላት ማሞቅ ነው። በ1,000 ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ጀበና ጥዶ ለግማሽ ሰዓት ቡና ማፍላት የኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ዕቃ) ኪሣራ ሲጨመር ወደ 550 ዋት ሰዓት ይፈጃል። ዝርግ የሆኑ 400 ዋት ፓኔሎች በታኅሣሥ ዴንቨር ላይ በአንድ ቀን የሚያስገቡት ከዚያ ብዙም አይበልጥም። ሦስተኛውን ሳይጠጡ ባትሪው ጉድ ይላል። ቡናውን በጋዝ ያፍሉት። ከ3,000 ዋት በላይ የሚስበውን የእንጀራ ምጣድ ደግሞ ለቤት ይተዉት፤ ከ12 ቮልት ባትሪ 250 አምፒር በላይ ጎትቶ የሚያበስል ነገር በመኪና ጣሪያ ሶላር አይታሰብም።

በተከታታይ ወይስ በትይዩ?

አራቱን ፓኔሎች በተከታታይ ማያያዝ ቮልቴጅን ይደምራል፣ በትይዩ ማያያዝ አምፒርን ይደምራል። ጥላ ተከታታይን ይጎዳል። የሞተር ሆም ጣሪያ ደግሞ ጥላ አያጣም፤ የአየር ማቀዝቀዣው ጉብታ አለ፣ የአየር መውጫው ክዳን አለ፣ ወደ ምሽት ሲሆን ከጎን የቆመው ጥድ አለ። በትይዩ ከሆነ የተጋረደው ፓኔል ለብቻው ይደክማል። ዋጋው ግን ወፍራም ሽቦ ነው። አራቱም በትይዩ ሲሆኑ 22 አምፒር በ18 ቮልት ይወርዳል፤ 8 ሜትር ርቀት ባለው፣ በአሜሪካ የውፍረት አቆጣጠር ቁጥር 10 በሚባለው ሽቦ ላይ ከአንድ ቮልት በላይ ይባክናል።

የሚመቸኝ መካከለኛው መንገድ ነው። ሁለት ሁለቱን በተከታታይ፣ ሁለቱን ጥንዶች በትይዩ። 36 ቮልት፣ 11 አምፒር ይሆናል፤ በሽቦው ላይ የሚባክነው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል፤ የብርዱ ጫፍም ከ52 ቮልት አይዘልልምና ለ100 ቮልት ኮንትሮለር ሰፊ ሜዳ ነው። ሌላም ጥቅም አለው። ከላይ የተጠቀሱት ኤምፒፒቲዎች ሥራ ለመጀመር የፓኔሉ ቮልቴጅ ከባትሪው በ5 ቮልት እንዲበልጥ ይፈልጋሉ። ነጠላ "የ12 ቮልት" ፓኔል በሙቀት ሲደክም ይህን ለማሟላት ይቸገራል፤ ጥንዱ ግን በማናቸውም አየር ይበልጠዋል። ሦስትና ከዚያ በላይ ረድፎችን በትይዩ ለሚያያይዝ ሰው ለየረድፉ ፊውዝ ያስፈልጋል፤ አንዱ ረድፍ ቢበላሽ የሌሎቹ ሁሉ አምፒር ወደ እርሱ ይገለበጣልና።

ሐሰተኛውን ኤምፒፒቲ እንዴት እናውቀዋለን?

በኢንተርኔት ገበያ ላይ በሃያ ዶላር የሚሸጡ፣ ፊታቸው ላይ በትልልቅ ፊደላት "ኤምፒፒቲ" የተጻፈባቸው፣ ውስጣቸው ግን ተራ ፒደብሊውኤም የሆኑ ሣጥኖች ሞልተዋል። ሲያነሧቸው ይቀልላሉ። እውነተኛው ኤምፒፒቲ ቮልቴጅ የሚለውጥበት የመዳብ ጥቅል በውስጡ ስላለ ከጀርባው የብረት ማቀዝቀዣ ጋር ክብደቱ እጅ ላይ ይታወቃል።

ማረጋገጫው ግን ቴስተር፣ ማለትም ቮልቴጅ የሚለካው መሣሪያ ነው። ፀሐይ በደንብ ባለበት ሰዓት፣ ባትሪው ጎድሎ ሳለ፣ ሣጥኑ እየሞላ እያለ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች ፓኔሉ በሚገባባቸው ብሎኖች ላይ ያሳርፉ። ከዚያ ወደ ባትሪው ብሎኖች ያዛውሩ። ባትሪው 13.1 እያሳየ የፓኔሉ በኩል 13.4 ወይም 13.6 ካሳየ ፓኔሉ ወደ ባትሪው ደረጃ ተጎትቷል ማለት ነው፤ ፊቱ ላይ የተጻፈው የፈለገውን ይበል፣ ሣጥኑ ፒደብሊውኤም ነው። የፓኔሉ በኩል 17 ወይም 18 ላይ ረግቶ ከቆመ እውነተኛ ነው። ሽቦ አቅፎ አምፒር የሚለካ መሣሪያ ያለው ሰው የበለጠ ይረካል፤ የሚወጣው አምፒር ከሚገባው ካልበለጠ የተለወጠ ነገር የለም። ዕቃው ሊመለስበት የሚችልበት ቀን ሳያልፍ ይህን ያድርጉ።

ሲገጠም

ኮንትሮለሩ ለባትሪው እንጂ ለፓኔሉ አይቅረብ። የ30 አምፒር ፍሰት 3 ሜትር ርቆ በቁጥር 10 ሽቦ ሲሄድ በመመለሻው ጋር 0.6 ቮልት ያህል ያጣል፤ በቁጥር 6 ከሆነ 0.2 ገደማ። በአሜሪካ አቆጣጠር ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው እንደሚወፍር ልብ ይሏል። 0.6 ቮልት ማለት ኮንትሮለሩ "14.4 ደረስኩ" ብሎ ሲገታ ባትሪው ገና 13.8 ላይ ነው ማለት ነው። ወደ ባትሪው የሚሄደው የፖዘቲቭ ሽቦ ፊውዝ ከባትሪው ጫፍ አጠገብ ይሁን፤ ባትሪው ነው እሳት የሚያስነሣው፣ ፓኔሉ አይደለም።

መጀመሪያ ባትሪው ይገናኝ፣ ቀጥሎ ፓኔሉ። ሲነቀል በተቃራኒው። ብዙ ኮንትሮለሮች 12 ይሁን 24 ቮልት የሚለዩት ባትሪውን በማየት ነው፤ ፓኔሉ ቀድሞ ከመጣ በተሳሳተ ቮልቴጅ ሊነሡ ይችላሉ፣ አንዳንዶቹም ይበላሻሉ። በትንንሾቹ ላይ የአምፖል ሥዕል ያለበት ሦስተኛ መውጫ ይገኛል፤ ለጥቂት መብራት ነው። ኢንቨርተር እዚያ ላይ አይሰካም፤ ኢንቨርተር በቀጥታ ከባትሪው ነው፣ በራሱ ፊውዝ።

ተንቀሳቃሽ ፓኔል ለመሰካት በመኪናው ጎን ላይ አስቀድሞ የተበጀ መሰኪያ ካለም አምነው አይሰኩበት። ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ከተለመደው ተገልብጦ የሚመጣባቸው አሉ፤ ቀለሙም ሆነ ቅርጹ አይናገርም። በተጨማሪም ከአንዳንዶቹ መሰኪያዎች በስተኋላ ኮንትሮለር አለ፣ ከአንዳንዶቹ በስተኋላ በቀጥታ ባትሪው አለ። ፓኔሉ ሳይሰካ መሰኪያው ላይ በቴስተር ሲለካ የባትሪው ቮልቴጅ ከታየ ሽቦው ወደ ባትሪው ይሄዳል ማለት ነው፤ እንዲህ ሲሆን ተንቀሳቃሹ ፓኔል የራሱ ኮንትሮለር ያስፈልገዋል።